የጥንት ቻይናን ትርኢት ከድንጋይ ላይ እንዴት ማየት ይቻላል

በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ206 እስከ እ.ኤ.አ. 220) የቻይና ባለጠጎች መቃብራቸውን በድንጋይ ቅርጽ ያስጌጡ ነበር። ሙዚቃ፣ ጭፈራና አክሮባት ከቅርጾቹ መሃል አይጠፉም። ይህን ድብልቅ ትርኢት «ባይሺ» ይሉታል። ለመልመጃ በቻይናዋ ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የዪናን መቃብር እንውሰድ። በ1954 እ.ኤ.አ. ነው የተቆፈረው። ምስሉን ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ይክፈቱ።

1. ጥቁሩንና ነጩን ይለዩ። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የድንጋዩን ፎቶ ሳይሆን በወረቀት የተነሳ ቅጂውን ነው። እርጥብ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ይለጠፍና ቀለም መታ መታ ይደረግበታል። ወጣ ያለው ይጠቁራል፤ የተቦረቦረው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

2. ከበሮውን ይፈልጉ። ዓይን ቶሎ የሚሮጠው ወደ አክሮባቶቹ ነው፤ ትንሽ ይታገሱ። በቋሚ እንጨት ላይ የተሰካ፣ አናቱ ያሸበረቀ ትልቅ ከበሮ ያገኛሉ። እሱን ካገኙ የተንጠለጠሉት ደወሎችና ምንጣፍ ላይ በረድፍ የተቀመጡት ሙዚቀኞች ይከተላሉ። ምቱ ከዚህ ይነሳል፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ይመራል ብለው ይዩት።

3. አሁን ወደ አክሮባቶቹ። እዚህ ጋ አይቸኩሉ! አንዱ ሰይፎችን ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል። ሌላው መስቀለኛ ረጅም እንጨት ግንባሩ ላይ አቁሟል፤ እንጨቱ ላይ ደግሞ ሦስት ልጆች ይገለባበጣሉ። ከተወጠረው ገመድ ስር ሰይፎች ጫፋቸው ወደ ላይ ተተክለዋል። ገመዱ ላይ በእጁ የቆመ ሰው አለ። የዛሬ ሰርከስ መረብ ይዘረጋል፤ እነዚህ ሰይፍ!

4. እጅጌ ይከተሉ። ረጅም እጅጌ የሚወዛወዝ ከሆነ ጭፈራ ነው። ከእግር ስር የተደረደሩትን ሳህኖች ልብ ይበሉ፤ በሳህኖቹ መሃል እየረገጡ መጨፈር የታወቀ ትርኢት ነበር።

5. ትልቅ ዓሣ ወይም ዘንዶ ካዩ ተረት ነው ብለው አይለፉት። የእንስሳ ልብስ ለብሶ መጫወትም የትርኢቱ አካል ነው።

6. ከጽሑፍ ጋር ያስተያዩ። የሃን ዘመን ገጣሚው ጃንግ ኸንግ (እ.ኤ.አ. 78–139) ስለ ምዕራባዊቷ ዋና ከተማ በጻፈው ረጅም ግጥም እንጨት የሚወጡ፣ ኳስና ሰይፍ የሚወረውሩ፣ ገመድ ላይ መሃል ድረስ ሄደው የሚገናኙ ሰዎችን ይተርካል። የተወለደው ናንያንግ ነው። እዚያ ያለው የሃን ድንጋይ ሙዚየም በ1935 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ የእሱ ቅርጾች ከዪናን ይለያሉ፦ ሰዎቹ ጥቂት፣ ዙሪያቸው ባዶ፣ የጨፋሪዎቹ ወገብ ቀጭን ነው። ለእኔ ከዪናን ጥልቅ ዝርዝር ይልቅ የናንያንጎቹ እንቅስቃሴ ይበልጣል።