የታደሰ የዊንዶውስ መጫኛ ዲስክ፦ ችግሮቹና መፍትሔዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ የመጫኛ ዲስክ ወይም ፍላሽ ማዘጋጀት፣ የቡት (ኮምፒውተሩ የሚነሣበትን) ቅደም ተከተል መቀየርና ዲስም የተባለውን የዊንዶውስ ፋይል ማደሻ መሣሪያ ከኮማንድ ፕሮምፕት ማዘዝ ለሚያውቅ የጥገና ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በመጫኛው ውስጥ ያለው ዊንዶውስ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በሶርስስ ፎልደር ያለው ኢንስቶል ዊም በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የሚሰፍረውን ሲስተም ይይዛል፤ ቡት ዊም ደግሞ መጫኑን የሚያካሂደውን ትንሽ ዊንዶውስ ይይዛል፤ በኢንስቶል ዊም ሆድ ውስጥም ዊንአርኢ የተባለው የማገገሚያ ሲስተም ተቀምጧል። «ታድሷል»፣ ማለትም አዲስ ዝማኔ ገብቶበታል፣ ተብለው የሚመጡልኝ ዲስኮች በአብዛኛው የሚያስቸግሩት የመጀመሪያው ብቻ ታድሶ ሌሎቹ ስለሚረሱ ነው።

ፋይሉ ወደ ፍላሹ አልገለበጥም ሲል

ፋት 32 የተባለው የፍላሽ አደረጃጀት አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ዝማኔ የገባበት ኢንስቶል ዊም ደግሞ ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል። ፍላሹን ኤንቲኤፍኤስ ወደተባለው ሌላ አደረጃጀት መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ብዙ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የባዮስ ዓይነት) ያላቸው ኮምፒውተሮች ቡት የሚያደርጉት ከፋት 32 ብቻ ነውና። ፋይሉ በዲስም በ3800 ሜጋባይት ልክ ተከፍሎ ኢንስቶል ኤስደብልዩኤም በሚል ስም ይቀመጥ፤ ያልተከፈለው ግን አይጣል፤ የተከፈለ ፋይል ዳግም ዝማኔ አይቀበልም። በዲቪዲ ለሚሠራ ሰው፣ በሽፋኑ ላይ 4.7 የሚለው ባለ አንድ ንጣፍ ዲስክ ኮምፒውተሩ በሚቆጥርበት ስሌት 4.38 ጊጋባይት ያህል ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

መጫኛው ተነሥቶ ሃርድ ዲስኩ ሳይታይ ሲቀር

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ቋንቋው ተመርጦ፣ የምርት ቁልፉ ገጽ ታልፎ፣ ዊንዶውስ የት ይጫን ወደሚለው ገጽ ሲደረስ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፤ ወይም የገባው ፍላሽ ብቻውን ይታያል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ሲገባ ግን ኤስኤስዲው በስሙና በመጠኑ ተመዝግቦ ይገኛል።

መንስኤው እንዲህ ነው። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ኤስኤስዲው ቪኤምዲ ከተባለ መቆጣጠሪያ ጀርባ ይቀመጣል፤ የመቆጣጠሪያው ድራይቨር (ሃርድዌሩን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) የሌለው መጫኛም ከጀርባው ያለውን ዲስክ ጨርሶ አያየውም። ባለሙያው ይህን ያውቅና ድራይቨሩን ኢንስቶል ዊም ውስጥ ይጨምራል፤ ፍላሹን አዘጋጅቶ ሲሞክረው ዝርዝሩ ዛሬም ባዶ ነው። ያን ገጽ የሚያሳየው ቡት ዊም ነውና ኢንስቶል ዊም ውስጥ የገባው ድራይቨር እዚህ ደረጃ ላይ ምንም አይረዳውም። ቡት ዊምም ሁለት ክፍሎች አሉት፤ መጫኛው የሚነሣው ከሁለተኛው ስለሆነ የመጀመሪያውን ብቻ ማደስ ድካም ነው።

አንድ ላፕቶፕ «ኤስኤስዲው ሞቷል» ተብሎ፣ ባለቤቱ አዲስ ገዝቶ፣ አዲሱም «ሞቷል» ከተባለ በኋላ መጣልኝ፤ ሁለቱም ዲስኮች ደህና ነበሩ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዲስኩ እንዲታይ ብሎ ቪኤምዲን ከባዮስ የሚያጠፋ ነው። ዲስኩ በእርግጥ ይታያል፤ ነገር ግን ባለቤቱ «ፋይሎቼ ስላሉበት መጫኑ ይቅር» ብሎ ኮምፒውተሩን መልሶ ሲወስድ፣ ቪኤምዲ በርቶ ሳለ የተጫነው የቀድሞው ዊንዶውስ በሰማያዊ ገጽ ይቆማል፤ ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከነበረም ባለ 48 አሃዝ የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ሆኖ የመጣ ኮምፒውተር ፎርማት አይደረግ፤ መጀመሪያ ቪኤምዲ ይመለስና ይሞከር።

ለመፍትሔው፣ ድራይቨሩ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚወርደው ራሱን የሚጭን ፕሮግራም ስለሆነ ዲስም አይቀበለውም፤ በውስጡ ያሉት የኢንፍ ፋይሎች (ድራይቨሩ እንዴት እንደሚጫን የሚገልጹት) ከነተጓዳኞቻቸው ተለይተው መውጣት አለባቸው። ከዚያ የቡት ዊም ሁለተኛ ክፍል ባዶ ፎልደር ላይ ማውንት ተደርጎ (ይዘቱ እንደ ፎልደር ተከፍቶ) ድራይቨሩ ይጨመራል፤ ከመዘጋቱ በፊትም የድራይቨሮቹን ዝርዝር ከዲስም ጠይቆ ኦኢኤም ከሚለው ስም ጋር መግባቱን ማየት ይገባል። «ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት ብቻ አምኖ የሚዘጋ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ፎልደሩ ለውጡን በሚያስቀምጠው ትእዛዝ፣ በኮሚት ይዘጋ፤ በዲስካርድ ከተዘጋ የተጨመረው ሁሉ ይጠፋል። ይኸው ሥራ በኢንስቶል ዊም ውስጥ ባሉት በሚያስፈልጉ እትሞች ሁሉና በዊንአርኢ ላይ ይደገም፤ አለበለዚያ መጫኑ ይሳካና ማገገሚያው በሚፈለግበት ቀን ዲስኩን አያየውም። የድራይቨሩ ፎልደር እንዳለ ፍላሹ ላይም ቢቀመጥ፣ ድራይቨር ጫን በሚለው ቁልፍ በኩል ለሌላ ሞዴል ያገለግላል።

ማን እንደሠራቸው የማይታወቁ የድራይቨር ጥርቅሞችን በሙሉ ቡት ዊም ውስጥ መዘርገፍ ግን ልማድ እየሆነ መጥቷል። ቡት ዊም ወደ ራም የሚጫን ስለሆነ ባበጠ ቁጥር አነሳሱ ይዘገያል፤ አነስተኛ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይም ጭራሹን ላይነሣ ይችላል። የዲስክ መቆጣጠሪያና የኔትወርክ ድራይቨር ይበቃዋል፤ የድምፅና የፕሪንተር ድራይቨር እዚያ ምን ሊሠራ ይገባል?

ዊንዶውስ 7 ዩኤስቢ 3 ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ኪቦርድና ማውስ የሚሞቱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መፍትሔውም ያው ነው።

ቡት ዊም ከታደሰ በኋላ መጫኑ ገና ከመጀመሩ ሲቆም

ዝማኔው ቡት ዊም ውስጥ ያለውን የሴትአፕ ፋይል ይቀይራል፤ በፍላሹ ሶርስስ ፎልደር ውስጥ ያለው ግን አሮጌው ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱም አይስማሙም። ማውንት የተደረገው ከመዘጋቱ በፊት ሴትአፕና ሴትአፕ ሆስት የተባሉት ፋይሎች ከውስጡ ወደ ፍላሹ ሶርስስ ፎልደር ይገልበጡ። የቋንቋ ጥቅል የሚጨመር ከሆነም ከዝማኔው በፊት ይግባ፤ ከኋላ ከገባ ዝማኔው መደገም አለበት።

በመሃል በ80070570 ቁጥር ሲቋረጥ

ፋይል ተበላሽቷል ማለት ነው። የአይኤስኦው (የመጫኛው ሙሉ ቅጂ ፋይል) ሻ 256፣ ማለትም ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳየው መለያ ቁጥር፣ ይመሳከር፤ እሱ ትክክል ከሆነ ፍላሹ ይጣል። በላዩ የተጻፈውን መጠን የማይዙ አስመሳይ ፍላሾች ፋይሉን የተቀበሉ መስለው ግማሹን ይጥላሉ፤ ለጥገና ሥራ በርካሽ ፍላሽ መቆጠብ የደንበኛን ዲስክ ፎርማት አድርጎ መሃል ላይ መቅረት ነው።

ሴኪዩር ቡት ዲስኩን ሲከለክል

ሴኪዩር ቡት ያልተፈቀደ የቡት ፋይል እንዳይነሣ የሚከለክል ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ከሆነው የቡት ማኔጀር (ዊንዶውስን የሚያስነሣው ፋይል) የደኅንነት ክፍተት ወዲህ፣ በአሮጌ የቡት ፋይሎች ላይ የተጣለው እገዳ በተግባር የዋለበት ኮምፒውተር እነዚህን አይቀበልም፤ ስለዚህ ፍላሹ ላይ ያሉት የቡት ፋይሎች ከታደሰው ሲስተም በተወሰዱት ይተኩ። ሴኪዩር ቡትን አጥፍቶ ጭኖ፣ ሳያበሩት ለደንበኛ ማስረከብ ነውር ነው።

ዲስም ፎልደሩን አልዘጋም ሲል

አብዛኛውን ጊዜ ያ ፎልደር በኤክስፕሎረር መስኮት ተከፍቶ ተረስቷል፤ ወይም አንቲቫይረሱ ይዞታል። መስኮቱ ተዘግቶ ኮሚቱ ይደገም፤ ኮምፒውተሩ በመሃል ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ የተሰባበረው ማውንት በዲስም ክሊንአፕ ይጸዳና ሥራው ቀድሞ ከተቀመጠው ንጹህ ቅጂ ይጀመር።