የከበሮ እጅ ቦንጎ ሲይዝ

ጎጃም ውስጥ ቦንጎ፣ ማለትም ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ትንንሽ የእጅ ከበሮዎች፣ መምታት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁን በከበሮ ያፍታታ ነው። ምቱን ያውቀዋል፤ የሚያስቸግረው መዳፉ ነው። ከበሮ መዳፍ ይፈልጋል፣ ቦንጎ ጣት። ሙሉ መዳፍ ያረፈበት ቦንጎ ድምፁ ይታፈናል፣ እጅም ያማል።

መሣሪያው የምሥራቅ ኩባ ነው፤ ሶን ከሚባለው ሙዚቃ ጋር አድጓል። ትንሹን ማቾ፣ ወንዴው፣ ትልቁን ኤምብራ፣ ሴቴዋ ይሏቸዋል። የማቾ አፍ 18፣ የኤምብራ 22 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ በጉልበቶቻችሁ መካከል ያዙት፤ ግራኝ ካልሆናችሁ ማቾ በግራ በኩል ይሁን።

ውጥረቱ ከዳዶዎቹ ነው። አንዱን ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ማዶ ያለውን ሩብ ዙር እያላችሁ አጥብቁ። አንዱን ብቻ ካጠበቃችሁ ቀለበቱ ይዘምማል፣ ቆዳውም በዚያ በኩል ይቀደዳል። ማቾ በጣም ቀጭን ድምፅ እስኪሰጥ ይወጠር። የደብረ ማርቆስ ክረምት የተፈጥሮ ቆዳን ያረግባል፤ ያን ጊዜ ከበሮ እንደምናሞቀው እሳት ዳር አታስጠጉት። የጥንት ኩባውያን ቆዳው በምስማር የተመታ ስለነበር በእሳት ይወጥሩት ነበር፤ ዳዶ ካለ ግን ቁልፍ ይበቃል። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ማቾን ትንሽ ማላላት አትርሱ፤ ጠብቆ ያደረ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይበልጥ ይሸመቀቅና ይተረተራል።

ምቱ ከጠርዙ ነው። የሌባ ጣት የመጀመሪያው አንጓ ጠርዙን ነክቶ፣ ጫፉ ቆዳው ላይ አርፎ ወዲያው ይነሳ። ጣት ቆዳው ላይ ከቆየ ድምፁ ይሞታል።

መሠረታዊው ምት ማርቲዮ ነው፤ መዶሻ ማለት ነው። «አንድ-ና-ሁለት-ና-ሦስት-ና-አራት-ና» እያላችሁ ቁጠሩ። ቀኝ እጅ ቁጥሮቹን፣ ግራ እጅ «ና»ዎቹን ይመታል። ግራው ማቾ ላይ እንዳለ አንዴ በጣቶች፣ አንዴ በአውራ ጣት እየተወዛወዘ ቀስ ብሎ ይንካ። ቀኙ አንድና ሦስትን ያጎላል፤ አራት ላይ ብቻ ወደ ኤምብራ ይሻገራል። በደቂቃ 60 ምት ጀምሩ፤ ግራው ሳይጠፋ አምስት ደቂቃ ካልዘለቀ ፍጥነት አትጨምሩ።

ማርቲዮን እንዳለ እስክስታ ላይ መጫን ግን አይሄድም፤ የእስክስታው ምት፣ ጭክጭካው፣ በስድስት ይቆጠራል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያላችሁ ስድስቱን ምቱ። አንድና አራት ይጎላሉ። እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ አራት የሚወድቀው በግራ እጅ ስለሆነ ይደክማል፣ ቀኙም ሳይታሰብ አንድን፣ ሦስትንና አምስትን ያጎላል። ያን ጊዜ ምቱ ሁለት ሁለት እየሆነ ይሰበራል፣ የጨፋሪውም ትከሻ ይስታል። ለብቻው ግራውን አራት ላይ አለማምዱት። እሱ ሲጸና አምስትን በቀኝ ኤምብራ ላይ ጣሉት።

ከመሰንቆና ከዋሽንት ጋር ስትጫወቱ ወፍራሙ ድምፅ የከበሮው ነው፤ ኤምብራን እሱ የሚመታበት ላይ ደርባችሁ አትምቱ። ድምፃዊው ሲያወጣ ማቾን ብቻ በቀስታ ያዙ፣ መሙያ ምት ስንኙ ሲያልቅ ይግባ። በኩባ ሶን መቀባበሉ ሲደርስ ቦንጎ መቺው ቦንጎውን ትቶ ደወል ያነሳል። እኛ ዘንድ ያን ቦታ ጭብጨባው ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሠርግ ላይ ጭፈራው ሲግል መሙያውን ተዉትና አንድና አራትን ብቻ አጽኑ።