ጌም ከመውጣቱ በፊት ሲተዋወቅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ መሀል፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ ሁለት ሦስት ሆነው በራሳቸው ገንዘብ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ኮዱን ይችሉበታል፣ ሥዕሉም ያምራል። ማስተዋወቁ ላይ ሲደርሱ ግን የሚሰናከሉበት ቦታ ተመሳሳይ ነው። እዚህ የምጽፈው በዋናነት ጌማቸውን ስቲም ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተር ጌም በሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ላይ፣ ለሚሸጡ ነው፤ ለስልክ የሚሠሩትም የሚጠቅማቸው ነገር አያጡም።

የወዳጅን ጭብጨባ ገበያ ነው ብሎ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አንድ ቪዲዮ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል፤ «በርቱ»፣ «ኩራታችን ናችሁ» የሚል አስተያየት ይጎርፋል። ሠሪዎቹም ጌሙ ተወደደ ብለው ይተኛሉ። ካመሰገኗቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን የስቲም አካውንትም ሆነ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ጌም የሚያውቁት በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ሲጫወቱ ነው። ምርቃታቸው ከልብ ነው፣ ግዢ ግን አይሆንም።

ገዢው ምናልባት ጀርመን ወይም ብራዚል ተቀምጦ የእናንተን ዓይነት ጌም የሚያሳድድ ሰው ነው። እሱን ለማግኘት ከጌማችሁ ጋር የሚቀራረቡ ሦስት አራት ጌሞችን ምረጡ፤ ተጫዋቾቻቸው ምን እንዳመሰገኑ፣ በምን እንደተማረሩ አንብቡ፤ የሚሰባሰቡበትንም ቦታ ፈልጉ። ከዚያ የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ጌሙን ስቲም ላይ ዊሽሊስታቸው ውስጥ፣ ማለትም ሊገዙ የሚፈልጓቸው ጌሞች ዝርዝር ውስጥ፣ እንዲያስገቡ። ጌሙ ሲወጣ፣ በኋላም ዋጋው በ20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀንስ፣ ስቲም ራሱ ለእነዚህ ሰዎች ኢሜይል ይልካል። ቲክቶክ ላይ የተሰበሰበ ልብ ይህን አያደርግም።

የሰፈር ሰው አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ደንበኛ ላፕቶፓችሁ ላይ እንዲጫወት አድርጉና ከኋላው ቆማችሁ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው። «ይህን ተጫን» ለማለት አፋችሁን የከፈታችሁበትን ቦታ ሁሉ ግን መዝግቡ፤ ትሬለር (የማስተዋወቂያ ቪዲዮ) ላይም ሆነ ዴሞ (በነፃ የሚሞከር የጌሙ ክፍል) ላይ የማያውቃችሁ ሰው ጥሎ የሚሄደው እዚያው ጋ ነው።

የጌሙን የስቲም ገጽ በመጨረሻው ሰዓት መክፈት

«ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሉታል ይህን። ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ጌሙ 1,000 ዶላር ካስገባ በኋላ ይመልሰዋል። ከተከፈለበት ቀን እስከ መልቀቂያው ቢያንስ 30 ቀን ማለፍ አለበት፤ «በቅርቡ ይወጣል» የሚለውም ገጽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለሕዝብ መታየት አለበት። ገጹንና ጌሙን የሚመረምሩት ሰዎች በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳሉ። እነዚህ ዝቅተኛዎቹ ገደቦች ናቸው፤ በእነሱ ልክ የሚሄድ ሰው ዊሽሊስት የሚሰበስብበት ጊዜ አይኖረውም። የሚታይ ነገር እንደተገኘ፣ ከወራት በፊት፣ ገጹን ክፈቱ።

ለአንድሮይድ የምትሠሩም ብትሆኑ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በተከፈተ የግል አካውንት ጎግል ፕሌይ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራ ውስጥ መቆየት አለባቸው። የአክስት ልጆችን ቁጥር ቀድሞ ማወቅ ሳይጠቅም አይቀርም።

ትሬለሩን በአርማ መጀመር

የስቱዲዮው ስም ቀስ ብሎ ይበራል፣ ድሮን ከተማዋን ይዞራል፣ ክራር ይመታል። ጌሙ እስኪመጣ ተመልካቹ ሄዷል። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ተጫዋቹ የሚያደርገውን ነገር ያሳዩ፤ ብዙ ሰው ድምፅ ሳይከፍት ስለሚያይም ያለ ክራሩ ትርጉም ይስጡ።

«የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጌም» ማለት

አንደኛ፣ እውነት አይደለም፤ ቀኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ጌም ሠሪ «ኩኩሉ»ን እና «ገበታ»ን ከዓመታት በፊት ለስልክ አውጥቷል። ሁለተኛ፣ «ታሪካችንን ለዓለም የሚያስተዋውቅ» የሚለው አረፍተ ነገር ለስፖንሰር ደብዳቤ እንጂ ለገዢ አይሆንም። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደሚያደርግ ነው። «የታክሲ ረዳት ሆናችሁ ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ ተሳፋሪ ትጭናላችሁ፤ መልስ ከተሳሳታችሁ ይጮህባችኋል» ብትሉት መገናኛን የማያውቅ ሰው እንኳን ይገባዋል፤ ኢትዮጵያዊነቱም ሳይነገር ይታያል።

ያልበሰለ ዴሞ ይዞ ፌስቲቫል መግባት

ስቲም ኔክስት ፌስት፣ ገና ያልወጡ ጌሞች በዴሞ የሚታዩበት ፌስቲቫል፣ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት አካባቢ ይካሄዳል። አንድ ጌም መሳተፍ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዴሞው ከተበላሸ ዕድሉ ሄደ። የሠራችሁበት ኃይለኛ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን የተማሪ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት። በጌሙ ውስጥ አማርኛ ካለ ፊደሉን የያዘውን ፎንት አብራችሁ አሽጉ፤ አለዚያ የሌላ አገር ተጫዋች በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ሊያይ ይችላል።

ነፃ ኮድ ለጠየቀ ሁሉ መስጠት

ገጹ እንደተከፈተ «ዩቲዩበር ነኝ፣ አምስት ኮድ ላኩልኝ» የሚል ኢሜይል መምጣት ይጀምራል። ኮዱ ጌሙን ስቲም ላይ ያለ ክፍያ የሚያስከፍት ቁልፍ ነው፤ ብዙዎቹ ሊሸጡት ነው። የጻፈበት አድራሻ በቻናሉ ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ አትመልሱለት።

ቀኑንና ሰዓቱን ማምታታት

«መስከረም 1፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብትገለብጡት የውጭው ተከታይ ሰዓቱን በሌላ ይረዳዋል። ቀኑም ያሳስታል፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢውልም የ2020 ዓ.ም. መባቻ ሴፕቴምበር 12 ነው። ስቲም ትልልቅ ቅናሾቹንና ፌስቲቫሎቹን የሚጀምረው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ከጠዋቱ 10 (10 AM) ላይ ነው፤ ይህም በእኛ በበጋቸው ከምሽቱ 2፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። የመልቀቂያ ቀን ለሕዝብ ከመናገራችሁ በፊት የስቲምን የቅናሽ ወቅቶች ሰሌዳ ተመልከቱ፤ የመጨረሻውን ቅጂም መብራትና ኢንተርኔት እያለ ቀናት ቀደም ብላችሁ ጫኑ።