«ባንድ በኩል አያበስልም»፦ አስቸጋሪ ችግር የገጠመውን የምርት ቡድን እንዴት ማሠልጠን ይቻላል

ቡድን ማሠልጠን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና የሻይ ሰዓት ነው። ከዚያ የሚወጣው የምስክር ወረቀት ነው። አስቸጋሪ ችግር የሚፈታው እዚያው ሥራው ላይ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ አንድ ችግር ብቻ ተይዞ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ ምሳሌ እንያዝ። አዘዞ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየገጣጠመ ለጎንደር ገበያ የሚያቀርብ ስድስት ሰው ያለበት ቡድን ነው፦ ሁለት ገጣጣሚ፣ አንድ በያጅ፣ አንድ ኤሌክትሪሻን፣ ሽያጩን የያዘች ልጅ፣ እንዲሁም ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አንጋፋ ባለሙያ። ከተሸጡት 40 ምጣዶች 9ኙ ተመልሰዋል እንበል። ቡድኑ ጫማ ቢሰፋም የስልክ መተግበሪያ ቢሠራም አካሄዱ አይለወጥም።

1. ቅሬታዎቹን ለያዩ

ከገበያ የሚመጣ ቅሬታ ድብልቅ ነው። «ይጣበቃል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ያልተሟሸ ምጣድ ነው፤ በጎመንዘር ደጋግሞ ማሸት ይፈታዋል። «ዓይን አያወጣም» ከሊጡም ከሙቀቱም ሊመጣ ይችላል። «ባንድ በኩል ጥሬ ነው» ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሦስቱ ተደባልቀው «የጥራት ችግር» ከተባሉ ቡድኑ ወር ሙሉ ቢሰበሰብም ጫፉን አይዝም። እያንዳንዱን ቅሬታ ደንበኛዋ በተናገረችው ቃል አስጽፉና አንዱን ብቻ አስመርጡ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይኸው ነው።

2. የት አለ? የት የለም?

ቡድኖች የሚሰናከሉት እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ችግሩ ገና ሲነገር መልስ ይዘንባል። ጋሼ «ሸክላው ነው» ይላሉ፤ ኤሌክትሪሻኑ «መብራቱ ነው» ይላል፤ ሽያጭ ላይ ያለችው ልጅ «አጋገሩን አያውቁበትም» ትላለች። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን መልስ የሰጠ ሰው ከዚያ ወዲያ ችግሩን አያይም፤ የሚያየው መልሱን ነው። የአሠልጣኙ ሥራ መልሶቹን ወረቀት ላይ አስፍሮ ማቆየትና ቡድኑን ወደ ችግሩ መመለስ ነው። እናንተም መልሱን ብታውቁት እንኳ አትናገሩ። ያሠልጣኙን መልስ የለመደ ቡድን ቀጣዩን ችግር ይዞ እናንተን ነው የሚጠብቀው።

ካርቶን ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፦ «አለ» እና «የለም»። ከዚያ አራት ጥያቄ፦ በየትኞቹ ምጣዶች? በየትኞቹ ቤቶች? በስንት ሰዓት? በምጣዱ በየትኛው በኩል? «አለ» የሚለውን መሙላት አያስቸግርም። ፍንጩ ያለው «የለም» የሚለው ውስጥ ነው። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ ቤት ቅሬታ መጥቶ ከጎረቤቱ ካልመጣ፣ ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት በምንድን ነው? በመስከረም የተገጣጠሙት ሲመለሱ ከሐምሌዎቹ አንድም ካልተመለሰ፣ በመሀል ምን ተቀየረ? ሬዚስታንሱ (የሚግለው ጥምጥም ሽቦ) የተገዛበት ሱቅ? ሸክላው የመጣበት ቦታ? ይህን ለመሙላት ምንም ቅሬታ ለሌላቸው ደንበኞችም መደወል ግድ ነው። አብዛኛው ቡድን የሚደውለው ላኮረፉት ብቻ ነው።

ባዶ የቀረውን ዓምድ ወርክሾፕ ተቀምጦ በግምት መሙላት አይሆንም። ደንበኛዋ ቤት ሂዱ፤ ያውም በምትጋግርበት ሰዓት። ቮልቱን ኤሌክትሪሻኑ ይለካ፤ ሌላ ሰው አይንካው፤ የሚለካውም ምጣዱ እየሠራ ነው። ምጣዱ ሳይሰካ የተለካ ቮልት ብዙ አይናገርም። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ወይም ሶኬቱ የላላ ከሆነ ቮልቱ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። ቆጣሪው ጋ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ጋ ከወረደ ጥፋቱ የቤቱ ሽቦ ነው፤ ቆጣሪው ጋም ከወረደ የመስመሩ ነው። ኃይሉ የሚቀንሰው ደግሞ በቮልቱ ካሬ ልክ ነው፦ ያው ምጣድ በ180 ቮልት የሚሰጠው 2,340 ዋት አካባቢ፣ ማለትም ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ብቻ ነው። ሁሉም ቤት በሚጋግርበት የበዓል ዋዜማ ምጣድ የሚለግመው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ቮልት ሲወርድ የሚደክመው ምጣዱ በሙሉ ነው። ደካማ ጎን ካለው ያባብሰው ይሆናል እንጂ እሱ አይፈጥረውም። ስለዚህ «ባንድ በኩል» የምትለው የደንበኛዋ ቃል ብቻዋን የኤሌክትሪሻኑን መልስ ታዳክመዋለች። ቅሬታው በቢሮ ቋንቋ «የሙቀት ማነስ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ፍንጭ ይጠፋ ነበር።

አሁን ጠመኔ አውጡ። የምጣዱ ጠርዝ ላይ፣ ወደ በሩ በሚያየው በኩል፣ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንጀራዎች አትቁጠሩ፤ ምጣዱ ገና አልጋለም። ቀጥሎ ሦስት ይጋገርና ጥሬው ጎን የት እንደወጣ ይጻፍ። ከዚያ መሰኪያው ተነቅሎ፣ ምጣዱ እጅ እንዳያቃጥል ትንሽ በርዶ፣ በግማሽ ይዙርና እንደገና ግሎ ሌላ ሦስት ይጋገር። ሊጡ ከአንድ ቡሃቃ፣ ጋጋሪዋም አንዷ ትሁን። ጥሬው ጎን ከጠመኔው ምልክት ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ ምጣዱ ነው፦ ሬዚስታንሱ ሲሳብ ባንድ በኩል ሳስቷል፣ ሸክላው ባንድ በኩል ወፍሯል፣ ወይም አንዱ እግር አጥሯል። ጥሬው ጎን በሩ በኩል እንዳለ ከቀረ ጥፋቱ የቤቱ ነው፦ የወለል ማዘንበል ወይም የበር ነፋስ። ወጪው ትንሽ ጤፍ ነው፤ የሦስት ሳምንት ክርክር ይዘጋል።

3 እና 4. አነጋገሩንና ወንበሩን አስተካክሉ

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱ ለምን»፣ ማለትም ሥሩ እስኪገኝ አምስት ጊዜ «ለምን?» እያሉ መጠየቅ፣ በየፋብሪካው የታወቀ ዘዴ ሆኗል። ዘዴው መጥፎ አይደለም፤ ቃሉ ግን ባማርኛ ይከብዳል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲባል ሰው የሚሰማው «ማን አደረገው?» የሚለውን ነው፤ አምስት ጊዜ ሲደጋገም ምርመራ ይመስላል። መጨረሻውም ሁልጊዜ «የሠራተኛ ግድየለሽነት» ይሆናል፣ ያ ደግሞ የሚጠገን ነገር አይደለም። «ምን ቢሆን ነው?» ወይም «ይህ እንዲሆን ምን መኖር አለበት?» በሉ። ያው ጥያቄ ነው፣ ግን ሰው አያስደነግጥም።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ገጣጣሚው ልጅ የተለየ ሐሳብ አያወጣም፤ ሬዚስታንሱን በእጁ የሚስበው ግን እሱ ነው። «ለምጣዱ ሲባል አይጥ ትለፍ» ይሆንና ስሕተቱ ከነአይጧ ይኖራል። ስለዚህ ከውይይት በፊት አምስት ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ በወረቀት ይጻፍ፤ ሲነበብ ከታናሹ ይጀመር፤ ጋሼ የመጨረሻ ይሁኑ። አስቀድማችሁ ለብቻቸው «ጋሼ፣ እርስዎ መጨረሻ ላይ ቢናገሩልን ልጆቹ ይደፍራሉ» ብትሏቸው ክብር ነው፤ በስብሰባ መሀል ዝም ማሰኘት ግን ነውር ነው፣ ቡድኑንም ያሳጣችኋል።

5. በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ

በየቀኑ የምትጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች ናቸው፤ የቶዮታን አሠራር ካጠኑ ሰዎች የመጡ ናቸው። የት መድረስ ነው የምንፈልገው? አሁን የት ነን? ያገደን ምንድን ነው? ቀጥሎ ምን እንሞክራለን፣ ምንስ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን? መቼ ሄደን እናየዋለን? ከእነዚህ ውጭ ብዙ አትናገሩ።

የሚዘለለው አራተኛው ነው። ግምቱ ከሙከራው በፊት ካልተጻፈ የመጣው ውጤት ሁሉ «ብያችሁ ነበር» ይሆናል። ጥሩ ግምት ቁጥር አለው፦ «ሬዚስታንሱ የሚተኛበትን የሸክላውን ቦይ በአራት እኩል ከፍለን፣ ሬዚስታንሱንም በአራት እኩል ጥምጥም ምልክት አድርገን ብንዘረጋ፣ በጣም በሚግለውና በጣም በሚበርደው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል።» ሸክላውንም ሬዚስታንሱንም ባንድ ቀን የቀየረ ቡድን ምጣዱ ቢስተካከል እንኳ ያስተካከለው የቱ እንደሆነ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጭነት እንደገና ይጀምራል። አዲስ ሬዚስታንስ ከመገጠሙ በፊት በመልቲሜትር ይለካ፦ ለ3,500 ዋት 14 ኦም አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ ምጣዱ ከመጀመሪያውም ደካማ ነው።

ስለ መሣሪያ፦ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካለ ምጣዱ ላይ 12 ነጥብ ለኩ። ከሌለ ጥቂት ዱቄት እኩል በትናችሁ የትኛው በኩል ቀድሞ እንደሚጠቁር ማየት ለመጀመር ይበቃል። ለስድስት ሰው የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለ ካርቶን ሁሉም ያየዋል። ቴሌግራም ፎቶ ለመላላክ ይሁን፤ ክርክር እዚያ አይጀመር።

6. ቀነ ገደብ

ባለቤቱ «ከከተራ በፊት ይፈታልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ጥር 10 ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች፣ ምጣድም ይፈለጋል። ለመፍትሔው ቀን ከቆረጣችሁ ቡድኑ የሚያመጣው መፍትሔ የሚመስል ነገር ነው። ቀን የሚቆረጠው ለሚቀጥለው እይታ ነው፦ «ሐሙስ ጠዋት ቸጨላ ሰፈር ያለውን ምጣድ እናያለን።» በመሀል የተመለሱትን በሌላ ቀይሮ ደንበኛን ማቆየት ይቻላል፤ እሱ ግን መፍትሔ ተብሎ ካርቶኑ ላይ አይጻፍ።

7. ተፈታ ከመባሉ በፊት

ምጣዱን ያስተካከለው ሬዚስታንሱን መቀየር ነው እንበል። የተስተካከለው ምጣድ ላይ የቀድሞውን ሬዚስታንስ መልሳችሁ ግጠሙ። ጥሬው ጎን በነበረበት ከተመለሰ ምክንያቱን ይዛችኋል። ካልተመለሰ የሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ሁለቱ ዓምዶች ተመለሱ። ይህን ሙከራ ማንም አይወደውም፤ የተሳካን ነገር ማበላሸት ስለሚመስል።

ከዚያ በኋላ በሚወጣ እያንዳንዱ ምጣድ ሥር የተገጣጠመበት ቀንና የተለካው ኦም በማይጠፋ እስክሪብቶ ይጻፍ። ከተመለሱት 9 ምጣዶች ደግሞ አንዱን ሳትጠግኑ «አይጠገን» ብላችሁ ለጥፉበትና መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ አዲስ ገጣጣሚ ሲቀጠር ጠመኔ የሚሰጠው በእሱ ላይ ነው።