የማኅፀን በር ናሙናን ሴቶች ራሳቸው ሲወስዱ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው በመሀል አዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ሥራ ለጀመራችሁ ነርሶችና አዋላጆች ነው። አልጋ ላይ ወጥቶ መታየትን የምትሸሽ ሴት የናሙና መውሰጃውን ብሩሽ ራሷ ይዛ ግቢ ስትባል ፊቷ ይፈታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 መመሪያው በዚህ መንገድ የተወሰደን ናሙና ለኤች ፒ ቪ፣ ማለትም የማኅፀን በር ካንሰርን ለሚያመጣው ቫይረስ፣ ምርመራ ተቀብሎታል። ታዲያ ይህን ዕድል አናባክነው።

አድራሻ መዝግቦ መርካት። ይሄኛው ያንገበግበኛል። ካርዱ ላይ “ካዛንቺስ” ተብሎ ይጻፍና ይታለፋል። ካዛንቺስና ፒያሳ ብዙው ቤት ፈርሶ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ከሄደ በኋላ ያ ጽሑፍ ማንን ያገኛል? ቫይረሱ የተገኘባትን አንዲት እናት ስንፈልግ የተመዘገበው ስልክ የድሮ ጎረቤቷ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ልጁ የት እንደገባች አያውቅም። በስንት ልፋት በዕድሯ ዳኛ በኩል ደረስንባት። ሁለት ስልክ ያዙ፤ የማን እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንደምትሉ ጠይቋት። እዚያው እፊቷ ደውላችሁ አረጋግጡ። ውጤቱ ካልደረሳት ናሙናው ለእሷ ምኗም አይደለም።

ውጤቱን በጥድፊያ መናገር። “ፖዘቲቭ ነሽ” ብሎ ስልክ መዝጋት ጭካኔ ነው። አንዷ ኤች አይ ቪ ብላ ትሰማዋለች፣ ሌላዋ ካንሰር። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ እንደሚያስወግደው፣ ወደ ካንሰር ለመድረስም በጤነኛ ሰው ከ15 እስከ 20 ዓመት እንደሚፈጅ ንገሯት፤ የምትታይበትን ቀንም እዚያው ቁረጡላት። “ባልሽ ነው ያመጣብሽ” የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ቫይረሱ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል፤ ከማን እንደመጣ ማንም ሊናገር አይችልም።

ሽንት ቤት ሂጂ ማለት። ወለሉ እርጥብ፣ ነጠላዋን የምትሰቅልበት ሚስማር የለም፣ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ይዛ ብሩሹን በጥርሷ ልትከፍት ነው? አንድ ጥግ በመጋረጃ ከልሉላት፤ መስቀያና ወንበር አድርጉላት።

የብሩሹን ጫፍ በጣት እንዳትነካ ሳይነግሩ መስጠትም አለ።

ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት እንደ ሌሎቹ እስከ 30 ዓመቷ አትጠብቅም፤ ከ25 ጀምሮ ትመርመር።

ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጠች በኋላ ደም የሚፈሳትን ሴት ግን ብሩሽ ሰጥታችሁ አትሸኟት። በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ሪፈር ካስፈለጋትም ወረቀቱን ይዛ ትውጣ።