የሆንዳ ሞተር ሳይክል ቢጫ መብራት ሲበራ፦ ሴንሰር ከመግዛት በፊት የሚሠራ ፍተሻ

ቁልፉ ሲከፈት የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት ለሁለት ሰከንድ ያህል በርቶ ይጠፋል፤ በዚያው ቅጽበት የነዳጅ ፓምፑ «እዝዝ» ብሎ ዝም ሲል ይሰማል። መብራቱ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉንና ፊውዙን ይዩ። በርቶ ከቀረ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ግን የሞተሩን ሥራ የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ከአንዱ መስመር ያልጠበቀው ቮልቴጅ ደርሶታል። ከመስመር ነው የተባለው፤ ኮዱ (መብራቱ በብልጭታ የሚነግረው የብልሽት ቁጥር) ሴንሰሩን፣ ማለትም ሙቀትና ግፊት የመሳሰለውን ለክቶ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ዕቃ፣ ብቻ ሳይሆን ሶኬቱንና ሽቦውንም ይጨምራል። ብዙ ደህና ሴንሰር የሚጣለው ይህ እየተረሳ ነው።

ቀይ መብራት ሌላ ጉዳይ ነው። የዘይት ወይም የሙቀት ቀይ መብራት እየነዱ ከበራ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ኮድ መቁጠር ይደርሳል።

ሥራው ከባትሪ ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ቴስተሩ (የቮልትና የኦም መለኪያው) ከ12.4 ቮልት በላይ፣ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.8 ማሳየት አለበት። ደካማ ባትሪ ወይም የላላ የኔጋቲቭ ቡሎን የሌለ ብልሽት ያስነብባል።

ከዚያ ማርሹን ፎሌ (ባዶ) ላይ አድርገው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱና ብልጭታውን ይቁጠሩ። ረጅሙ (1.3 ሰከንድ ገደማ) አሥር ነው፤ አጭሩ (0.3 ሰከንድ ገደማ) አንድ። ሁለት ረጅምና አንድ አጭር 21 ማለት ነው። ዓይን ስለሚያታልል በስልክ ቀርጾ ደጋግሞ ማየት ይሻላል።

ችግሩ መጣ ሄድ የሚል ከሆነ የተመዘገበውን ኮድ ማስነበብ ያስፈልጋል። ከወንበሩ ሥር ወይም ባትሪው አጠገብ ክዳን ያለው ባለ 4 ፒን ቀይ ሶኬት አለ። ቁልፉን ዘግተው ቡናማውንና አረንጓዴውን ሽቦ በአጭር ሽቦ ያገናኙና ቁልፉን ይክፈቱ። የተመዘገበ ነገር ከሌለ መብራቱ ሳይቋረጥ በርቶ ይቆያል። የሽቦው ቀለም በሞዴል ስለሚለያይ ማኑዋሉን ሳያዩ በግምት አያገናኙ፤ ኃይል ያለበት ሽቦ ከአረንጓዴው (ከኔጋቲቩ) ጋር ከገጠመ ኮንታክት ፈጥሮ ፊውዝ ያቃጥላል። አዳዲሶቹ ባለ 6 ፒን ሶኬት ያላቸው ሞዴሎች በዚህ መንገድ አይነበቡም፤ የሚገጥም አስማሚና ስካነር ይፈልጋሉ።

በትናንሾቹ ሆንዳዎች ኮድ 1 የአየር ግፊት፣ 7 የሞተር ሙቀት፣ 8 የነዳጅ መስጫ አቀማመጥ፣ 9 የሚገባው አየር ሙቀት፣ 12 ኢንጀክተር (ነዳጅ ረጪው)፣ 21 ኦክስጅን ሴንሰር፣ 29 የሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አየር ቫልቭ፣ 54 የማዘንበል ሴንሰር ነው።

1፣ 8 እና 9 ተከታትለው ከወጡ ሦስት ሴንሰር አብሮ አልሞተም። በብዙዎቹ ሦስቱም ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ላይ ባለ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 5 ፒን ሶኬቱ ላልቷል ማለት ነው። በተለይ በግፊት ውሃ ከታጠበ በኋላ የሚመጣ ነው። ሶኬቱን ሽቦውን ሳይስቡ፣ መቆለፊያውን ተጭነው ይንቀሉ። ፒኑ ላይ አረንጓዴ ዝገት ወይም ወደ ኋላ የተገፋ ፒን ይፈልጉ። በኮንታክት ክሊነር ነፍተው አድርቀው «ቀጭ» እስኪል ይግጠሙ። በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ሽፋኑ ከተላጠ ዝገቱ በፍጥነት ይመለሳል። ካልተስተካከለ ሶኬቱን ነቅለው፣ ቁልፉን ከፍተው፣ በሽቦው በኩል ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ፤ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ይህ ካለና የኔጋቲቭ መስመሩም ጤነኛ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሳጥኑ ይዞራል። ከሌለ ሳጥን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ችግሩ ሽቦው ወይም ኮምፒውተሩ ጋ ነው።

ኮድ 7 ሲኖር ሞተሩ በጠዋት ብርድ እምቢ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ሙቀት ስለማያውቅ በግምት ነዳጅ ይሰጣል። ውሃ በሚያቀዘቅዛቸው ሞዴሎች ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ ከ2.3 እስከ 2.6 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባል። ነቅለው ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ያሙቁት፤ ቁጥሩ ሳይዘል መውረድ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የማኑዋሉን የ100 ዲግሪ ቁጥር አይጠብቁ።

ለኮድ 12 የኢንጀክተሩን ሁለት ፒን ይለኩ፤ ከ9 እስከ 15 ኦም ጤነኛ ነው። በኮድ 21 መጀመሪያ የሚታየው የኦክስጅን ሴንሰሩ ገመድ ነው፤ ከጋለው የማርሚታ ቧንቧ ጋር ተነካክቶ ይቀልጣል። ሞተር ሳይክሉ ወድቆ በማዘንበል ሴንሰሩ ምክንያት ከጠፋ ቀና አድርገው ቁልፉን ዘግተው መክፈት ብቻ ሊበቃው ይችላል።

ከጥገና በኋላ ኮዶቹ የተመዘገቡበት የኮምፒውተሩ ማህደር ይጠረግ። ሽቦው ቀዩ ሶኬት ላይ እንዳለ ቁልፉን ይክፈቱና ሽቦውን ይንቀሉ፤ መብራቱ ለ5 ሰከንድ ያህል ይበራል። ሳይጠፋ ሽቦውን ይመልሱ። መብራቱ ጠፍቶ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ተጠርጓል፤ ካልሆነ ዘግተው ይድገሙት።

ኮዱ ከተመለሰ ሞተሩን በሚኒሞ አስነስተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ያወዛውዙ፣ መሪውንም ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። መብራቱ ብልጭ ካለ ወይም ሞተሩ ከተንገጫገጨ እጅዎ ያለበት ቦታ ላይ ፕላስተሩን ይፍቱት፤ የተበጠሰው ሽቦ ብዙ ጊዜ የመሪው አንገት አጠገብ፣ ላስቲኩ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።