ለሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ ስትቀጠሩ

እናቴ የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ ታዘዘላትና «ነገ ጠዋት ጾመሽ ነይ» ተባለች። ለስንት ሰዓት? ለምን? ማንም አላስረዳትም። ጠዋት ቁርስ አልበላችም፤ ቡናዋን ግን ጠጣች፣ ከቡናው ጋር ቆሎ ቆረጠመች። አልጋው ላይ ከተኛች በኋላ ነው ከረጢቱ ተኮማትሯል፣ በደንብ አይታይም ተብላ ሌላ ቀን የተቀጠረችው። በጣም ነው የተናደድኩት። አንድ ሰው ምክንያቱን ቢነግራት ኖሮ ሁለቴ ባልተመላለሰች ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት ያመረተው ሐሞት ከሥሩ ባለችው ትንሽ ከረጢት ይጠራቀማል። ምግብ፣ በተለይ ቅባት ያለው፣ አንጀት ሲደርስ ከረጢቷ ትጨመቅና ሐሞቱን ትለቃለች። ያኔ ግድግዳዋ ወፍሮ ይታያል፣ ትንንሽ ጠጠርም ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል። የምትጾሙት ሞልታ እንድትታይ ነው።

ስለዚህ ለጠዋት 3 ሰዓት ከተቀጠራችሁ፣ ማታ ዘይትና ቅቤ ያልበዛበት ቀለል ያለ እራት ብሉና ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም አትቅመሱ። ይሄ ከሃይማኖት ጾም ይለያል፤ ሽሮና ምስር ወጥ የጾም ቢሆኑም ምግብ ናቸው፣ ዘይትም አላቸው። ቡና፣ ሻይ፣ ወተት፣ ጁስ ይቅር። ማስቲካና ሲጋራም ይቅር፣ አየር እንድንውጥ ስለሚያደርጉ፣ የሆድ አየር ደግሞ ምስሉን ይጋርዳል። ንጹህ ውሃ ትንሽ መጎንጨት አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም።

ውሃ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። «ውሃ ጠጡና ሽንት ይዛችሁ ኑ» የሚባለው ለማህፀን፣ ለፊኛ ወይም ለፕሮስቴት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከታዘዙላችሁ እንዴት እንደምትዘጋጁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የግፊት ክኒን የምትወስዱ ብዙውን ጊዜ በትንሽ ውሃ መዋጥ ትችላላችሁ። ስኳር ያለባችሁ ግን እባካችሁ ይህን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን ወስዶ ምግብ ሳይበሉ መቆየት አደገኛ ነው፤ መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የጠዋት የመጀመሪያውን ተራም ለምኑ። ከረሜላ ያዙ። ካንቀጠቀጣችሁና ካላባችሁ ወዲያው ውሰዱት፣ ምርመራው ለሌላ ቀን ቢተላለፍ ይተላለፍ።

የድሮ ውጤት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ይሻላል፣ ሆድን መግለጥ ስለሚያስፈልግ። ቀዝቃዛ ጄል ይቀባችኋል፣ ትንፋሽ ሳቡና ያዙ ትባላላችሁ፣ በግራ ጎን ዙሩም ትባላላችሁ። ስትዞሩ ጠጠር ቦታ ይለውጣል፣ ከግድግዳው የበቀለ እብጠት ግን ባለበት ይቀራል፤ ሐኪሙ የሚለየው በዚህ ነው። መሣሪያው የቀኝ ጎናችሁን ሲጫን ካመማችሁ ተናገሩ፣ ሕመሙ ራሱ ምልክት ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ያልቃል፤ ከዚያ ብሉ።

ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሕመሙ አልለቅ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በልታችሁም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።